ጅቡ ሳይሄድ

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ፥ የመኪና አላርም ሌባን ያስደነግጥ ይሆናል እንጂ ሞተር አያግድም። በእንግሊዝ አገር በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ የሞተር ማገጃ እንዲኖረው በሕግ ታዟል። ከደመወዙ ቆጥቦ ማገጃ የሌለው አሮጌ መኪና የገዛ ወጣት ሠራተኛ ግን ራሱ ማስገጠም አለበት። ዘዴው ቀላል ነው፤ ባለሙያው ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ሪሌና የተሰወረ ማብሪያ ማጥፊያ ያስገባል፤ ወፍራሙን የባትሪ ሽቦ አይነካም። ማብሪያው ካልተከፈተ ቁልፉ ቢዞርም ሞተሪኖው ዝም ይላል። ነገር ግን በእጅ ማርሽ የሚነዳ መኪና ቁልቁለት ላይ ተገፍቶ ይነሣል፤ አዲስ አበባም ቁልቁለት አላጣችም። ስለዚህ የመሪ መቆለፊያ ይጨመር፥ መኪናውም ሜዳ ላይ ይቁም። የማብሪያውን ሥፍራ የሚያውቅ ሰው ሲበዛም መሰወሩ ከንቱ መሆኑን አንዘንጋ።