እንቁጣጣሽ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ
በየትምህርት ቤቱ የሚከበረው የዘመን መለወጫ በዓል ከሀገር ልብስ፣ ከፈንዲሻና ከመድረክ ጭፈራ እምብዛም ስለማያልፍ፣ በውስጡ ያለው ዕውቀት መማሪያ ክፍል ሳይገባ ይቀራል። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የሚያወጡበት ስሌት፣ በመሠረቱ ከመደመርና ከማካፈል የራቀ ሒሳብ አይጠይቅም። በ2018 ዓመተ ምሕረት ላይ 5500 ሲደመር 7518 ዓመተ ዓለም ይገኛል፤ ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ስለሚሆን ዘመኑ ማርቆስ ይባላል፤ ቀሪው 3 ቢሆን ኖሮ ጳጉሜን 6 ቀን የምትሆንበት ዘመነ ሉቃስ በሆነ ነበር። መጠነ ራብዒት የሚባለው ድርሻ መልሶ ከ7518 ጋር ተደምሮ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ማክሰኞን አንድ ብሎ የጀመረ ልጅም መስከረም 1 ሐሙስ መዋሉን ራሱ ይደርስበታል። የሳይንስ መምህሩም፣ ከፈለገ፣ አደይ አበባ ክረምት ሲወጣ የሚፈካበትን ምክንያት ያስመረምራል። ስሌቱ የቤተ ክርስቲያን ነውና በመንግሥት ትምህርት ቤት ቦታ የለውም የሚል ተቃውሞ ቢነሣ እንኳ፣ የሚፈተነው የልጁ የማካፈል ችሎታ እንጂ እምነቱ አይደለም፤ ዒድ አልፈጥር በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ የሚመጣበት ምክንያትም በዚያው ሰሌዳ ላይ ሊሰላ ይችላል።