ሕግ ሰውን ሲክድ

የመጽሔቱ ዝግጅት ክፍል ይህን እትም ሁሉን ጠቅላይ አገዛዝ፣ ማለትም ከመንግሥት ሥልጣን አልፎ ቤተሰብን፣ ትምህርትንና ኅሊናን ጭምር ሊቆጣጠር የሚሻ ሥርዓት፣ በሰብአዊ መብት ላይ ለደቀነው ጥያቄ አውሎታል። ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ ኒካራጓ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ300 በላይ ሰዎችን በተቃዋሚነታቸው ዜግነት ነፍጋለች።

ናዚ ጀርመን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1941 ባወጣው ደንብ መሠረት፣ በግዳጅ በባቡር የተጫነ አይሁዳዊ የአገሪቱን ድንበር እንደተሻገረ ዜግነቱ ይሰረዝ፣ ቤቱና የባንክ ገንዘቡም ለመንግሥት ይወረስ ነበር። ዘረፋው የተፈጸመው ሕግ ተጥሶ ሳይሆን በሕግ ነው፤ የፍልስፍናው ጭንቀትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ራሷ ዜግነቷን የተነፈገችው የፖለቲካ አሳቢ ሐና አረንት እ.ኤ.አ. በ1951 ባሳተመችው ሥራዋ፣ ከማናቸውም መብት በፊት ሰው የሚታወቅበት የፖለቲካ ማኅበረሰብ አባል የመሆን መብት እንደሚያስፈልገው አስረድታለች። ጀርመናዊው የሕግ ፈላስፋ ጉስታቭ ራድብሩኽ እ.ኤ.አ. በ1946 ኢፍትሐዊነቱ ከልክ ያለፈ ድንጋጌ የሕግነት ባሕርዩን ያጣል ሲል፣ እንግሊዛዊው የሕግ ፈላስፋ ኤች. ኤል. ኤ. ሃርት እ.ኤ.አ. በ1958 እንዲህ ያለው ድንጋጌ ሕግ መሆኑ ሳይካድ ከክፋቱ የተነሣ ሊታዘዙት እንደማይገባ ተከራክሯል። የሃርት ግልጽነት የሚከበር ቢሆንም፣ የተበዳዩን አቤቱታ የሚሰማ ዳኛ ግን ከራድብሩኽ የተሻለ መሣሪያ ያገኛል።

አንባብያን ይህን ክርክር ይዘው የደርግ ባለሥልጣናት የተከሰሱበትን የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ቢመረምሩ፣ ከዘር ማጥፋት ወንጀል የሚሰጠው ጥበቃ ለፖለቲካ ቡድኖችም ጭምር መደንገጉ እ.ኤ.አ. ከ1948ቱ የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ምን ያህል ርቆ እንደሄደ ይረዳሉ።