ከኮንፈረንሱ በኋላ ያሉት ወራት

በባሕር ዳር ብስክሌት ለሥራም ለገበያም ነው፤ የጣና ዳር መንገድ ሜዳ ስለሆነ ብዙ አያደክምም። በውጭ አገር ግን 200 ኪሎ ሜትር በ13 ሰዓት ተኩል ውስጥ የሚጨርሱ፣ ይህንንም ለ12 ተከታታይ ወራት በየወሩ የሚደግሙ ብስክሌተኞች አሉ። ርቀቱ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ካለው ይበልጣል። ውድድር አይደለም፤ አንደኛ የሚባል የለም።

እኔን የሚገርመኝ ድግግሞሹ ነው። አንድ ቀን በስሜት ተነሥቶ የፎገራን ሜዳ ማቋረጥ ይቻላል፤ ከአዲስ ዘመን በኋላ ያለውን ዳገት በየወሩ መውጣት ግን ጽናት ይጠይቃል።

ወገኖቼ፣ ኮንፈረንስ ማዘጋጀት እናውቅበታለን። ሦስት ቀን እናመልካለን፣ እናለቅሳለን፣ ጌታን ለመቀበል እጃቸውን ያነሱትን እንቆጥራለን። በሦስተኛው ወር ስንቶቹ በኅብረት ውስጥ እንዳሉ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዕብራውያን 12፥1 ሩጫን ከትዕግሥት ጋር ያያዘው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ ከአንድ ትልቅ ኮንፈረንስ ይልቅ፣ አንድን አዲስ አማኝ ለ12 ወራት ሳይሰለች የሚከታተል አንድ ሽማግሌ ይበልጥብኛል።

አንድ ልዩነት ግን አለ። እነዚያ ብስክሌተኞች አንድ ወር ካመለጣቸው ቆጠራውን ከአንድ ይጀምራሉ። እኛ ግን የቆምነው ባላቋረጥናቸው ወራት ብዛት ሳይሆን በክርስቶስ ሥራ ነው። ጸሎታችሁ ተቋርጦ ከሆነ፣ ከኅብረት ርቃችሁ ከሆነ፣ ምሳሌ 24፥16ን አንብቡና ዛሬውኑ ተነሡ። የጸናችሁ ደግሞ በዚህ ሳምንት ከአጠገባችሁ ለጠፋ አንድ ሰው ደውሉ።

ጸጋ ይብዛላችሁ።