ለምለም ጓሮና ባዶ ሌማት

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነችው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ወደምትገኘው ሃላሌ የሚያቀና መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በልምላሜ ላይ ነው። ከየቤቱ ጀርባ እንሰት ተሰልፎ ይታያል፤ ከእንሰቱ ሥር ጎደሬና ጎመን፣ ከጎኑም ቡናና ሙዝ በቅለዋል። ይህን የተመለከተ እንግዳ «ረሃብ እዚህ አገር በየት በኩል ይገባል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ በ1992 እና በ2000 ዓ.ም. የበልግ ዝናብ ሲዛነፍና የስኳር ድንች ምርት ሲከሽፍ፣ በዚሁ በወላይታ ምድር በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ታዝለው ወደ ሕክምና ጣቢያዎች ሲወሰዱ፣ በዙሪያቸው የነበረው መሬት አረንጓዴ ነበር። «አረንጓዴው ረሃብ» የሚለው ስያሜ የወጣው ከዚህ መራራ እውነታ ነው።

እንግዲህ ልናነሣው የሚገባን ጥያቄ ግልጽ ነው። ጓሮው ለምለም ሆኖ ሳለ ሌማቱ ስለምን ባዶ ይሆናል? ስለ ጤናማ የቤተሰብ ኑሮ፣ ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ዶሮ ርቢ በየመድረኩ ብዙ ይነገራል። ነገር ግን ጓሮን ከመሬት ይዞታ፣ ከከብት፣ ከሴቶች የሥራ ጫና ነጥሎ መመልከት ዛፉን እያዩ ሥሩን እንደ መዘንጋት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ መመርመር ይኖርብናል።

ወላይታዎች «ኡታ» የሚሉት እንሰት ለምግብነት እስኪደርስ በአብዛኛው ከ4 እስከ 7 ዓመት ይፈጃል። በአገራችን ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ቆጮውን፣ ቡላውንና አሚቾውን ይመገባል። እህል እንደ ዝናቡ በአንድ ወቅት ተዘርቶ በአንድ ወቅት የሚታጨድ ሲሆን፣ እንሰት ግን ቆሞ የሚጠብቅ ጎተራ ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ይቆረጣል። ሆኖም ይህ ጎተራ ያለ ፍግ አይቆምም። ፍጉ ከከብት ይገኛል፤ ከብቱ ደግሞ ከእንሰቱ ቅጠልና ከግጦሹ ይመገባል። ላሟ ወተት ለልጅ፣ ፍግ ለጓሮ ትሰጣለች። የወላይታ አባቶችና እናቶች በረጅም ዘመን ልምድ ያደራጁት የምርት ሥርዓት የቆመው በዚህ ዑደት ላይ ነው። ከዑደቱ አንዱ አካል ሲጎድል ሌሎቹም መናጋታቸው አይቀርም።

ዑደቱ መናጋት የጀመረው ዛሬ አይደለም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 31 ጭሰኝነትን አስወግዶ፣ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት እስከ 10 ሄክታር ወሰነ። ታላቅ ታሪካዊ እርምጃ ነበር። ነገር ግን በወላይታ ለ10 ሄክታር የሚበቃ ምድር ከየት ይገኝ ነበር? በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ300 የሚበልጥ ሰው ይኖር ነበር። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ ሲሸነሸን ግጦሹ ጠበበ፤ ግጦሹ ሲጠብ ከብቱ አነሰ፤ ከብቱ ሲያንስ ፍጉ ጠፋ፤ ፍጉ ሲጠፋ እንሰቱ ከሳ። ችግር የጸናበት ቤተሰብ ደግሞ ያልደረሰውን እንሰት እየቆረጠ በመብላት የነገውን ጎተራ ዛሬ ለማፍረስ ተገደደ። ተመራማሪው ደሳለኝ ራህመቶ በወላይታ ቦሎሶ ያካሄዱት ጥናት ድህነት እንዴት እየሰደደ እንደሚሄድ ለመረዳት ዛሬም ጠቃሚ ነው።

በሌላ በኩል በ1960ዎቹ መባቻ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር እያቀረበ የገበሬውን ምርት ለማሳደግ ጥሯል። ድርጅቱ ያስገኘውን ጥቅም መካድ አይገባም። ሆኖም ከውጭ በሚመጣ ማዳበሪያ ላይ የተመሠረተ ማሳ ዋጋው ሲንርና አቅርቦቱ ሲዘገይ አብሮ ይንገዳገዳል። ስለዚህ የሜዳው ማሳ በማዳበሪያ ቢታገዝም፣ በራሱ ፍግ የሚቆመው የጓሮ ማሳ ሊዘነጋ አይገባውም።

አሁን ወደ ሌማቱ እንመለስ። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ የኢትዮጵያ ሕፃናት መካከል 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተደረገው ጥናትም አኃዙ ከ37 በመቶ አልወረደም። በ2008ቱ ጥናት መሠረት ከ6 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት ውስጥ ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ ያገኙት 7 በመቶው ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ ሆድን መሙላትና አካልን መገንባት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ያረጋግጣል። ቆጮ ጉልበት ይሰጣል፤ ገንቢ ንጥረ ነገሩ ግን አነስተኛ ነው። ስለሆነም ቦሎቄ፣ ወተትና እንቁላል ሊደግፉት ይገባል። ጎመን፣ ሽፈራውና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነው ስኳር ድንችም ከበሽታ የሚከላከሉ ቪታሚኖችን ይጨምሩለታል። «ኩልፎ» እና «ቱላ» የተባሉት የስኳር ድንች ዝርያዎች በአገራችን ተመራማሪዎች ተለይተው የወጡ፣ ለዓይንና ለዕድገት የሚያስፈልገው የቪታሚን ኤ ምንጭ ያላቸው ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው ጓሮን የሴቶች ትርፍ ሥራ፣ የሜዳውን ማሳ ብቻ «እውነተኛ እርሻ» አድርጎ መቁጠር ነው። እንሰቱን የምትፍቀው፣ ቆጮውን የምትቀብረው፣ ጎመኑን የምታጠጣው እናት ድካሟ በምርት ስሌት ውስጥ አይገባም። ውሃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ልጅ አዝላ ለምትውል ሴት ተጨማሪ መደብ ማዘጋጀት በተጨማሪ ሸክም ላይ ሸክም መጫን ነው። ባልና ጎልማሳ ልጆች ሥራውን እስካልተካፈሉ ድረስ የጓሮ ልማት በአንድ ሰው ወገብ ላይ የሚገነባ ልማት ይሆናል። ሁለተኛው ስሕተት «ጓሮህን አልማ፤ የቀረውን ራስህ ተወጣው» የሚለው ነው። ጓሮ የጤና ጣቢያን፣ የንጹሕ ውሃን፣ የመንገድንና የመስኖን ቦታ ሊተካ አይችልም። በ2016 ዓ.ም. ክረምት በጎፋም በኪንዶ ዲዳዬም በደረሰው የመሬት መንሸራተት ወገኖቻችንን አጥተናል። የእንሰት ሰፋፊ ቅጠል የዝናብን ዱላ ይመክታል፤ ተራራን ግን አንድ ቤተሰብ ብቻውን አያቆምም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በቅድሚያ የፍጉን ዑደት መልሶ ማቆም ያስፈልጋል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተትን፣ እንቁላልንና ማርን ከቤተሰብ ገበታ ጋር ማያያዙ ትክክለኛ አቅጣጫ ነው። ይሁንና መመዘኛው የተከፋፈለው ጫጩት ብዛት ሳይሆን ሕፃኑ የበላው እንቁላል ሊሆን ይገባል። እንቁላሉ ሁሉ ለገበያ ወጥቶ ልጁ ዳጣና ቆጮ ብቻ ከበላ ሪፖርቱ ሞልቶ ሌማቱ ይጎድላል። ላም የሌለው ጎረቤት የሌላውን ላም ተቀብሎ እየቀለበ ከወተቱና ከፍጉ የሚጠቀምበት ነባር የመተጋገዝ ልማድም ሊጠናከር ይገባዋል።

በሁለተኛ ደረጃ የጋራ ንቃት ይጠይቃል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1960 ዓ.ም. ገደማ ለሳይንስ ያሳወቁት የእንሰት አጠውልግ በሽታ እስካሁን ፈዋሽ መድኃኒት የለውም። የሚተላለፈውም ባልጸዳ ቢላዋ፣ በተበከለ ችግኝና በከብት ንክኪ ጭምር ነው። አንዱ ጎረቤት የታመመውን እንሰት ነቅሎ ሲቀብር ሌላው ቸል ካለ የሁሉም ድካም ከንቱ ይሆናል። ቢላዋን በእሳት ማጽዳት፣ የታመመውን በወቅቱ ማስወገድ፣ ችግኝን ከጤናማ ማሳ ማምጣት የቀበሌውና የዕድሩ የጋራ ደንብ መሆን ይኖርበታል። የስኳር ድንች ሐረግም እንዲሁ ነው። በድርቅ ጊዜ ተክሉ ብቻ ሳይሆን ለመጪው ተከላ የሚሆነው ሐረግ ጭምር ስለሚደርቅ፣ በየሰፈሩ እርጥበት ባለው ቦታ የጋራ የሐረግ መደብ ማቆየት የክፉ ቀን ዋስትና ነው።

ጉዳዩ የገበሬው ብቻ እንዳይመስለን። በሶዶም ሆነ በአዲስ አበባ በደመወዝ የሚተዳደረው ሠራተኛ የጎመንን ዋጋ በየገበያው ያውቀዋል። በመዲናችን ከሚሸጠው አትክልት ከፊሉ በተበከለው የአቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ መሆኑም የታወቀ ነው። ስለዚህ ከቤት ደጃፍ፣ ከማኅበር ግቢ፣ ከትምህርት ቤት አጥር ጥግ የምትገኝ ጠባብ መሬት የወጥ ቤቱ ትርፍራፊ ብስባሽ ሆኖላት፣ በንጹሕ ውሃ ጎመንና ቆስጣ ብታበቅል ጥቅሟ ቀላል አይደለም። ቦታ የሌለው ሠራተኛ በጆንያ አፈር ሊጀምር ይችላል። ለብዙ ቤተሰብ የሚበቃ ቦታና ውሃ ለማግኘት ግን የመንደሩ ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ መጠየቅ አለበት።

የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ስንት ጓሮ እንደለማ ከመቁጠራቸው በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢያነሡ እንመክራለን። ፍጉ ከየት ይመጣል? ሥራውን ማን ይሠራዋል? ምርቱንስ ማን ይበላዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ ያገኘ ቀበሌ የልጆቹን ቁመትና ክብደት ሲለካ ለውጡን በራሱ ዓይን ያያል። ልምላሜው ከቅጠል አልፎ ወደ ልጆቻችን ጉንጭ እስኪደርስ ድረስ ሥራችን አላለቀም!