ሥጋ የሌለበት ሙሉ ገበታ

የሥጋ ዋጋ በተወደደ ቁጥር ብዙ እናቶች «ዛሬ ለልጆቼ ምን ላቅርብ?» እያሉ ይጨነቃሉ። በህንድ ግን ሥጋ የማይቀምሱ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤተሰቦች አሉ። ልጆቻቸውን ከሚያሳድጉባቸው ምግቦች አንዱ ዳል ማለትም የምስር ወይም የሌላ ጥራጥሬ ክክ ወጥ በሩዝ ነው። ምስር የጎደለውን ሩዝ፣ ሩዝ የጎደለውን ምስር ስለሚሞላ ሰውነትን የሚገነባው ፕሮቲን የተሟላ ይሆናል።

አሠራሩ ከእኛ ወጥ ይለያል። እኛ በቁሌት እንጀምራለን፤ እነርሱ ግን ዋናውን መዓዛ በመጨረሻ ይሰጡታል።

1 ኩባያ የምስር ክክ አጥባችሁ፣ በ3 ኩባያ ውኃና በግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ቀቅሉት። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ያህል በስሎ ሲፈርስ ጨው ጨምሩ። ከዚያ በትንሽ መጥበሻ 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅመም ያልገባበት የተነጠረ ቅቤ አሙቁ። 1 የሻይ ማንኪያ ያልተፈጨ ከሙን ጨምሩበት። ሲንጣጣ 3 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ከትፋችሁ አክሉ፤ ወርቅማ መልክ ሲይዝ ወዲያው ምስሩ ላይ ገልብጡት። ይህ «ታድካ» ይባላል። የከሙን መዓዛ ከውኃ ይልቅ በቅባት ስለሚወጣ ወጡን በሙሉ ያውደዋል። ከሙኑ ካረረ ግን ይመራልና ከምድጃው አትራቁ።

ታድካ ሲቆይ መዓዛው ይቀንሳል። ስለዚህ ባል ሩዙን ያውጣ፣ ልጆች ሳህን ያቅርቡ፤ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ታድካው ይፍሰስ። ቤተሰቡ በአንድ ሰዓት ለመሰብሰብ ጥሩ ምክንያት ያገኛል።

መልካም ማዕድ!