ሜኑው በተኑ ሥር ይውጣ!



ሰሞኑን የአይሲቲ ክበባችን ልጆች እያጉረመረሙ ነው። «ቲቸር ለአንዲት ሜኑ ብሎ 5 ማርክ ቆረጠ» እየተባለ ነው። እውነት ነው፣ ቆርጫለሁ። ለምን እንደሆነ ክፍል ውስጥ በ40 ደቂቃ ተናግሬ አልጨረስኩትም፤ እዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። አንዳንዶቻችሁ ጭሮም፣ ሂርናም፣ በዴሳም ለሱቆች ፕሮግራም እየሠራችሁ እንጀራ የምትበሉበት ስለሆነ ይመለከታችኋል።

ለማታውቁት፦ ፕሮግራም ስትከፍቱ ከላይ የተደረደሩ ትንንሽ በተኖች አሉ አይደል? ያ ቱልባር ነው። አንዳንዶቹ ጎን ወደ ታች የምታይ ቀስት አለች፤ ስትጫኗት ዝርዝር ይወርዳል። ወርድ ላይ የፊደል ቀለም ስትመርጡ የምትነኳት ዓይነት። ዝርዝሩ መውጣት ያለበት ልክ ከበተኑ ሥር፣ ግራ ጎኑ ከበተኑ ግራ ጎን ጋር ገጥሞ ነው። ቦታው ላይ ሲወጣ ማንም ልብ አይለውም።

ታዲያ ልጁ ፕሮጀክቱን በራሱ ላፕቶፕ ያሳየኛል፤ ቆንጆ ነው። እኔ ደግሞ በፍላሽ ገልብጬ ላብ ያለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ እከፍተዋለሁ። መስኮቱን አሳንሼ ወደ ስክሪኑ መሀል እጎትተዋለሁ። በተኑን እነካለሁ። በተኑ መሀል ላይ፣ ሜኑው ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ፣ ከላይ በግራ! «ቲቸር፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራ ነበር።» አውቃለሁ፣ አንተ ጋ ይሠራል። ደንበኛው ግን አንተ ጋ አይደለም።

ምን ሆኖ መሰላችሁ? በተኑ «ቦታህ የት ነው?» ሲባል የሚመልሰው ከተቀመጠበት ቱልባር ወይም መስኮት ጥግ ለክቶ ነው። ብዙ የሜኑ ትእዛዞች ደግሞ የሚፈልጉት ከጠቅላላው ስክሪን ጥግ የተለካውን ነው። አንድ ሰው ሂርና ላይ ሆኖ ደውሎ «ከዚህ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ና» ቢላችሁና እናንተ መስቀል አደባባይ ቆማችሁ ሁለቱን ኪሎ ሜትር ከዚያው ብትጀምሩ የት ልትደርሱ ነው? ቁጥሩ ልክ ነው፤ መነሻው ነው የተምታታው።

ችግሩ ደግሞ ይደበቃል። መስኮቱ ሙሉውን ስክሪን ሲሞላ ሁለቱ መነሻዎች ሊገጥሙ ምንም አይቀራቸውም፤ የሚለያቸው በዋናነት የታይትል ባሩ ከፍታ ነው። ልጁም ትንሽ ዝቅ ብሎ መውጣት ያለበት ሜኑ ከፍ ሲልበት 30 ይጨምራል፣ እንቢ ሲል 32 ያደርገዋል፣ ይገጥማል፣ ደስ ይለዋል። በቃ ያቺ 32 ኮዱ ውስጥ ተቸክላ ትቀራለች። ከየት መጣች ስትሉት መልስ የለውም። ከዩቲዩብ ቪዲዮ የቀዳትም አለ፤ የቪዲዮው ባለቤት ኮምፒውተር ላይ ልክ ሆና ይሆናል።

(በነገራችን ላይ ዋይ የሚባለው ቁጥር ስክሪን ላይ ወደ ታች ነው የሚያድገው። የሒሳብ መምህራችን ግራፍ ላይ ወደ ላይ ያስተምራል፣ እኔ በሚቀጥለው ፔሬድ ገልብጬ አስተምራለሁ። ልጆቹን ማን ይዘንላቸው!)

ያቺ 32 ምን ልታመጣ እንደምትችል ልንገራችሁ። ስሙን አልጠራም፣ አንድ የድሮ ተማሪዬ ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ የሽያጭ ፕሮግራም ሠራ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ ስቶኩ፣ ዱቤው፣ የቀን ሂሳቡ ሁሉ አለው። ባለሱቁ አባባ ዓይናቸው ስለደከመ የዊንዶውሱን ማሳያ 125 በመቶ አድርገውላቸዋል። እንዲህ ሲደረግ 32 ፒክስል የነበረ በተን 40 ይሆናል። ሜኑው ግን አሁንም በ32ኛው ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የበተኑን የታችኛውን 8 ፒክስል ይሸፍነዋል። 8 ፒክስል ምን አላት ትላላችሁ። የሱቁ ሠራተኛ ግን እንደ ብዙ ሰው ሁሉንም ነገር ሁለቴ ነው የሚጫነው። የመጀመሪያው ክሊክ ሜኑውን ከፈተ። ሁለተኛው ክሊክ፣ እጁ ሳይንቀሳቀስ፣ የሜኑው የመጀመሪያ መስመር ላይ አረፈ። የመጀመሪያው መስመር ምን ይላል? «ሰርዝ»። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄም አልነበረውም።

ሽያጩ እየጠፋ፣ የቀኑ ሂሳብ አልገጥም እያለ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው ሠራተኛው ነው። ልብ በሉ፣ ሰው በሌብነት ተጠረጠረ! ነገሩ እስኪታወቅ ድረስ አባባ ወደ ደብተራቸው ተመልሰው ነበር፤ ከታወቀ በኋላም ደብተሩን አልተዉትም። እኔም አልፈርድባቸውም። ደብተር ሁለቴ ሲነኩት ገጽ አይቀድም።

በኛ አካባቢ ሌላም ነገር አለ። ሱቅ ውስጥ አንዱ አማርኛ ይፈልጋል፣ አንዱ አፋን ኦሮሞ፣ አንዱ እንግሊዝኛ። «አትም» ሦስት ፊደል ነው። «ማጠንሲ» በቁቤ ሲጻፍ ስምንት ፊደል ይፈጃል። በተኑ ከጽሑፉ ጋር ሲሰፋ ከሱ በስተቀኝ ያሉት ሁሉ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ቁጥር ቸክላችሁ ከሆነ በአማርኛ በተኑ ሥር የነበረው ሜኑ በኦሮምኛ የጎረቤቱ ሥር ይወጣል፤ «አትም» ተነክቶ ዝርዝሩ ከ«መዝግብ» ሥር ሲወርድ አስቡት። የግዕዝ ፊደል ራሱም ኮምፒውተሩ ባለው ፎንት ይለያያል። የድሮው ዊንዶውስ 7 በኒያላ የሚያሳየውን አዲሱ በሌላ ፎንት ሊያሳየው ይችላል፤ ስፋቱም ቁመቱም አንድ አይደለም። እንግዲህ ለስንቱ ኮምፒውተር ስንት ቁጥር ልትሸመድዱ ነው?

መፍትሔው እኮ አንድ መስመር ነው። በተኑን ጠይቁት! በሲ ሻርፕ ወይም በቪዥዋል ቤዚክ ዶት ኔት ለሜኑው «ሾው» ትእዛዝ በተኑን ራሱን ትሰጡታላችሁ፣ ከዚያ ወደ ጎን ዜሮ፣ ወደ ታች የበተኑን ቁመት። ወደ ስክሪን ልኬት የሚቀይረው ራሱ ነው። ጃቫ ስዊንግም ያው ነው፦ በተኑ፣ ዜሮ፣ የበተኑ ቁመት። ፓይተን በቲኬ ኢንተር ለምትሠሩ፣ «ቲኬ ፖፕአፕ» የስክሪኑን ልኬት ስለሚፈልግ በተኑን «ዊንፎ ሩት ኤክስ» እና «ዊንፎ ሩት ዋይ» ብላችሁ ጠይቁት፤ በሁለተኛው ላይ «ዊንፎ ሃይት» ደምሩ። አለቀ። 32 የለም፣ 30 የለም። መስኮቱ የትም ይጎተት፣ ፊደሉ ይተልቅ፣ ቋንቋው ይቀየር፣ ሜኑው በተኑን ተከትሎ ይሄዳል።

ግን የምትጠይቁት መቼ ነው? ክሊክ ሲደረግ! ፕሮግራሙ ሲነሳ ጠይቀው ቁጥሩን የሚያስቀምጡ አሉ። ቲኬ ኢንተር ላይ መስኮቱ ገና ሳይሳል ቁመቱን ብትጠይቁት 1 ይላችኋል። አንድ ፒክስል! ያኔ ሜኑው በተኑን ጠቅልሎ ይሸፍነዋል፤ ሁለቴ የሚጫን ሰው ደግሞ የት እንደሚያርፍ አይታችኋል። በሌላውም ቋንቋ ቢሆን ተጠቃሚው መስኮቱን ከጎተተው የጠዋቱ መልስ ከሰዓት አይሠራም።

በተኑ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ከሆነስ? የዊንዶውስ የራሱ ሜኑ ጠርዙን ሲያገኝ ራሱን ገፋ ያደርጋል፣ ቦታ ካጣም ወደ ላይ ይከፈታል። እንዲያውም «ትራክ ፖፕአፕ ሜኑ ኤክስ» የሚባለው ትእዛዝ «ይህችን አራት ማዕዘን አትሸፍን» ተብሎ የበተኑ ቦታ ሊነገረው ይችላል። ራሳችሁ ፓኔል ሠርታችሁ እንደ ሜኑ የምታወጡ ግን ይህን የሚሠራላችሁ የለም። የስክሪኑን ስፋት ጠይቃችሁ ማወዳደር የናንተ ድርሻ ነው። እኛ ጋ ብዙው ላፕቶፕ 1366 በ768 ስለሆነ ታችኛው ጠርዝ ቅርብ ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቱልስትሪፕ ላይ ድሮፕዳውን በተን የሚባል አለልህ፣ ሁሉንም ራሱ ያደርጋል፣ ምን አደከመህ» አለኝ። ልክ ነው፤ ለደንበኛ ስትሠሩ እሱን ተጠቀሙ። ክበብ ውስጥ ግን መጀመሪያ አንዴ በእጅ ይሠራ እላለሁ። መነሻው ምን እንደሆነ ያልገባው ልጅ፣ ዝግጁ የሆነው ነገር የማይሠራበት ቀን ሲመጣ ያው 32ን ፍለጋ ነው የሚሄደው።

«አሁን እኮ ሁሉም ዌብ ነው፣ ሞባይል ነው» የምትሉኝም አላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ሥልጠና ከተጀመረ ወዲህ ከናንተ ሰርተፍኬት የለጠፈልኝ ብዙ ነው፣ ደስ ብሎኛል። ግን የምዕራብ ሐረርጌን ሱቅ እናውቀዋለን። ኔትወርክ ሲጠፋ ሽያጭ አይቆምም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ፕሮግራም ገና ብዙ ዓመት ሥራ አለው። ደግሞስ ዌብ ላይ ነገሩ ቀረ እንዴ? ብራውዘር ላይ «ጌት ባውንዲንግ ክላይንት ሬክት» ብላችሁ በተኑን ስትጠይቁ የሚለካላችሁ ከሚታየው ገጽ ጥግ ነው። ገጹ ወደ ታች ሲሸበለል ሌላ መነሻ መጣ ማለት ነው። ያው ሂርናና መስቀል አደባባይ!

ስለ 5ቱ ማርክ፦ አስተካክሎ የመጣ ሁሉ ሙሉውን ያገኛል፣ የመጨረሻው ቀን አርብ ነው። የማየው በሦስት መንገድ ነው፦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ፣ መስኮቱ ተጎትቶ፣ ማሳያው 125 በመቶ ሆኖ። ሁለቴም እጫናለሁ። «ሰርዝ»ን የሜኑው አናት ላይ ያደረጋችሁ ደግሞ ሳልናገራችሁ ወደ ታች አውርዱት።

የድሮ ተማሪዎቼም ሱቅ ውስጥ የተከላችሁት ካለ ሄዳችሁ ሞክሩትና ኢንቦክስ ጻፉልኝ። ኮዱን ላኩ እንጂ የስክሪኑን ፎቶ ብቻ አትላኩ፤ ከፎቶ ላይ 32ን አላያትም።