ቁርሳችንን ማታ እንሥራ፤ እናቶቻችን ይረፉ



ዛሬ ስለ ቁርስ ላወራችሁ ነው። ቀላል ጉዳይ ይመስላል፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የብዙዎቻችን ጠዋት ይታወቃል። ሱብሒ ሰግደን ተመልሰን እንተኛለን። 2 ሰዓት ሲቃረብ ደንግጠን ተነስተን ወደ ታክሲ ሰልፍ እንሮጣለን። ቁርሱ ወይ ይቀራል፣ 4 ሰዓት ላይ ብስኩት በለስላሳ ይሆናል፤ ወይ ደግሞ እናታችን ቀድማን ተነስታ ከሠራችው ሁለት ጉርሻ ጎርሰን እንወጣለን። እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። 25 ዓመት የሞላው ወጣት ተኝቶ፣ ጉልበቷን የሚያማት እናት ምጣድ ላይ ቂጣ ታገላብጣለች። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ አላህ ይማረኝ።

ሐሳቤ አጭር ነው፦ ማታ ከዒሻእ በኋላ 5 ደቂቃ ሰጥተን የጠዋት ቁርሳችንን ራሳችን እናዘጋጅ።

ለዚህ ከሚመቹት አንዱ የቺያ ፑዲንግ ነው። ስሙ አያስፈራችሁ፤ እሳት እንኳ አይፈልግም። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ 3 የሾርባ ማንኪያ ቺያ ሲድና 1 ብርጭቆ ወተት ጨምራችሁ አማስሉ። 10 ደቂቃ ቆይታችሁ ደግማችሁ አማስሉት፤ ይቺን ከዘለላችሁ ጠዋት ተጓጉሎ ታገኙታላችሁ። ከዚያ ከድናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ቺያ የክብደቱን 10 እጥፍ ያህል ውሃ ስለሚመጥ ጠዋት እንደ እርጎ ወፍሮ ይጠብቃችኋል። ሙዝ ወይም ሁለት ሦስት ፍሬ ተምር ቆራርጣችሁ ጨምሩበት፤ ስኳር አያስፈልገውም። ፍሪጅ የሌለው ሰው በውሃ ዘፍዝፎ ወተቱን ጠዋት ይጨምር። ሰኞና ሐሙስ ለሚጾምም ጥሩ ሱሑር ነው።

30 ግራም ገደማ ቺያ ውስጥ 10 ግራም ያህል ፋይበርና 5 ግራም ያህል ፕሮቲን አለ። ቶሎ የማያስርበው ለዚህ ነው። "ቦርጭ ያቀልጣል፣ ስኳር በሽታ ያድናል" የሚሏችሁን ግን አትስሙ። ምግብ ነው፤ መድኃኒት አይደለም። ደረቁንም አትቃሙት፤ ጉሮሮ ውስጥ አብጦ ሊያንቅ ይችላል።

"ይሄ የሀብታም ምግብ ነው" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቺያ መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፣ ዋጋውም የሁሉንም ኪስ አይመጥንም። የኛ ተልባ ግን አለ። ታምሶ የተወቀጠ ተልባ 2 የሾርባ ማንኪያ በ1 ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አሳድሩትና ጠዋት ማር ጨምሩበት። እሱም እንደ ቺያ ውሃ ሲያገኝ ይወፍራል፤ ኦሜጋ 3ም አለው። በሶም አለ፤ ዱቄቱ ቤት ካለ መበጥበጡ 2 ደቂቃ አይፈጅም።

ማታ አዘጋጅቶ ጠዋት መጠቀም ደግሞ የፈረንጅ ፋሽን አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፈችው፣ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማታ ተምር በውሃ ይዘፈዘፍላቸውና ጠዋት ይጠጡት ነበር። ቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበርም የነገረችን እሷው ናት። ስለ ሱና ለሰዓታት የምንከራከር ወንድሞች የበላንበትን ሳህን ማጠብ ካቃተን፣ የትኛውን ሱና ነው የያዝነው?

"ማብሰል የእህቴ ሥራ ነው" የምትል ወንድሜ፣ እህትህም እንዳንተው ጠዋት ትምህርት ወይም ሥራ አለባት። እንቅልፉም ድካሙም ለሁለታችሁም እኩል ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሁለት ብርጭቆ አዘጋጁ፤ አንዱ ለእናንተ፣ ሌላው ለእናታችሁ። ነገ ስትነሳ ቁርሷ ተዘጋጅቶ ይጠብቃት። የዚያን ጠዋት ዱዓዋን ትሰሙታላችሁ፣ ኢንሻአላህ።

አላህ ያግራልን!